አይጧ የበላቻቸው መስመሮች

ሰኞ፤ ፈተናው ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል

ፉጨት ዛሬ የሱቄን በር በክርኗ ገፍታ ገባች፤ አንድ እጇ ፍሉቷን፣ አንድ እጇ ወረቀት ይዟል። ፉጨት የሟች ወንድሜ ልጅ ናት። የደንብ ስም አላት፤ እኔ ግን ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው የምላት። አሁን አስራ ስምንት ዓመት ስለሞላት ሰው ፊት እንዳልጠራት አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ሰው ፊት ብቻ ነው የምጠራት።

ወረቀቱ የመጣው ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ነው። ለመግቢያ ፈተና የሚቀርብ የፍሉት ተጫዋች ሁሉ የግድ የሚነፋው አንድ ሶሎ ተመርጧል።

"ረጅሟ ናት አጎቴ። ከዚያ ሁሉ ኖታ ረጅሟን መረጡልኝ።"

ረጅሟ የምንላት ለአንድ ፍሉት ብቻ የተጻፈች ባለ አራት ገጽ ኖታ ናት። የደራሲዋን ስም እኔም ወንድሜም አስተካክለን መጥራት ስላቃተን በቁመቷ ጠራናት፤ እንደዚያው ቀረ። ወንድሜ ሃያ ዓመት ነፍቷታል። እሱ ካረፈ ወዲህ ፉጨት ከዚያው ከእሱ ወረቀት ላይ ተማረቻት፤ አሁን ዓይኗን ጨፍና ትወጣታለች።

"ሌላው ኖታዋን ፍለጋ ሲንከራተት እኔ ጨርሼ ቁጭ ብያለሁ" አለች። "ዕድል ማለት ይሄ ነው።"

"ዕድል አይደለም፤ ጥሩ አጎት ነው" አልኳት።

ስቃ ሄደች። ለጥረዛ የመጣልኝን መዝገብ ሽፋን አጣበቅኩ፤ ገልብጬ። ላጥኩና እንደገና አጣበቅኩ፤ አሁንም ገልብጬ። የሱቁ መብራት መለወጥ አለበት።


ቅዳሜ፤ 34

የቅዳሜው ማኅበራችን በሱቁ ጓዳ ተሰበሰበ። አራት ነን። ልብስ ሰፊው ፒኮሎ ይነፋል፤ የሠፈሩ ግዙፍ ሰውዬ የፍሉቶች ሁሉ ታናሿን ይዞ ሲቀመጥ እርሳስ የሚያኝክ ይመስላል። ፋርማሲስቷ ሁለተኛ ፍሉት ናት። ፉጨት በአባቷ ወንበር አንደኛ ፍሉት። እኔ ደግሞ ባስ ፍሉት፤ ቧንቧዋ ረዝሞ ረዝሞ መሄጃ ሲያጣ ወደ ራሱ የታጠፈ። በአንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ የምተነፍሰው መሣሪያዋ ትልቅ ስለሆነች ነው። ድሮ አንዴ ይበቃኝ ነበር፤ ያኔ ትንሽ ነበረች መሰለኝ።

የምንነፋቸውን የአራት ድምፅ ኖታዎች በሙሉ በእጄ የገለበጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አምስት ካርቶን ይሞላሉ።

በመጨረሻ ፉጨት ረጅሟን ነፋችልን። ስትጨርስ ልብስ ሰፊው ወረቀቱን አንስቶ፣ እንደ ጨርቅ ወደ መስኮቱ ወጥሮ ተመለከተው።

"ይሄ ሁሉ ልጥፍ ምንድን ነው?"

"አይጥ በልታው ነው ጋሼ" አለች ፉጨት። "አጎቴ ነው የተበላውን ጽፎ የሞላው።"

ልብስ ሰፊው ገጾቹን አንድ በአንድ አየ። "ጎበዝ አይጥ ናት" አለ። "ከባድ ከባዱን እየመረጠች ነው የበላችው።"

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።


እሑድ ማታ፤ 33

አይጥ የለም። ይህን ለመጻፍ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘግቼዋለሁ።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። የመጀመሪያዋን ፍሉት የገዛናት ባንዱ ከፈረሰበት ሙዚቀኛ ነው፤ አንድ ፍሉት ለሁለት። ማን ይንፋ ብለን ስንጣላ ሰነበትንና እሱ ከፊት ቆሞ ይነፋል፣ እኔ ከኋላው ሆኜ እጄን በብብቱ አሳልፌ ቁልፎቹን እጫናለሁ። አራት እጅ ያለው ሰው እያሉ ጎረቤቶች ሊያዩን ይመጡ ነበር። አንዳንዴ ሆን ብዬ የተሳሳተ ቁልፍ እጫንበታለሁ፤ አፉን ከፍሉቷ ሳያነሳ በተረከዙ ይረግጠኛል።

ኖታ ማንበብን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ደንበኛ የሙዚቃ ትምህርት መጽሐፍ ለጥረዛ አመጣ። የሦስት ቀን ሥራ ነበር፤ ሰውየውን ሁለት ወር አመላለስኩት። አንዴ ሙጫው አልደረቀም፣ አንዴ ክሩ አልመጣም። ማታ ማታ እኔ ከመጽሐፉ አነባለሁ፣ ለወንድሜ አስረዳለሁ። ሰውየው መጽሐፉን ሲወስድ ሁለታችንም አንባቢ ሆነን ነበር። ረጅሟን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ያገኘናት በዚያው ዓመት ነው፤ መጀመሪያ የነፋናትም እንዲሁ በአራት እጅ ነበር።

ኋላ ላይ የወንድሜ ደረት ደከመ። መጀመሪያ በሐረግ መሀል ያቆምና "ይቺ ፍሉት አየር ታስወጣለች" ይል ነበር። እኔም "አዎ፣ ታስወጣለች" እለዋለሁ። ሁለታችንም ፍሉቷን ወቀስን። ሁለት ጊዜ አስጠገንናት፤ ጠጋኙ ምንም የላትም ብሎ መለሰልን።

አንድ ሐሙስ ረጅሟን ደብቄ ወደ ሱቅ ወሰድኳት። ቀለሙ የሚመሳሰል ስስ ወረቀት መረጥኩ፤ ያስቸገረውን ሐረግ ለሁለት ከፍዬ፣ መሀሉ ላይ የትንፋሽ ምልክት አስገብቼ፣ ከላይ ያሉትን ድምፆች ወደ ታች አወረድኩ። ቆርጬ በታተመው ላይ ለጠፍኩት። ቅዳሜ ሲመጣ "አሳታሚዎቹ እርማት ልከዋል፤ የበፊቱ ስህተት ነበረበት" አልኩት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። "ድሮም ልክ አይመስለኝም ነበር" አለና እስከ መጨረሻው ነፋት። ፊቱን ብታዩት።

በሚቀጥለው ወር ሌላ እርማት መጣ። በአራት ዓመት ውስጥ አሳታሚዎቹ አስራ ዘጠኝ እርማት ላኩ። ፉጨት የአስር ዓመት ልጅ ሳለች ወረቀቱ ለምን እንደተለጣጠፈ እሱ ባለበት ጠየቀችኝ፤ አይጥ በልታው ነው አልኳት። ወንድሜ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። የእርማቱን ነገር ግን እንዳመነኝ ነው፤ እኔ ፊቴ አይታወቅብኝም።

እንግዲህ ፉጨት በቃሏ የያዘችው በዓለም ላይ ለአንድ ለታመመ ሰው የተቆረጠችውን ረጅሟን ነው። ፈታኞቹ ደግሞ እውነተኛውን ይዘው ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ።

ነገ እነግራታለሁ።


ማክሰኞ፤ 31

በችኮላ። ኖታ መሸጫ ቤት ሄድኩ። ረጅሟ መታተም ካቆመች ቆየች። ከውጭ ይፈለግ ቢባል ሦስት ወር። ትምህርት ቤቱ አያውስም። የሌላ ተፈታኝ መምህር ጠየቅኩ፤ "ለተወዳዳሪ?" ብሎ ሳቀብኝ። ባለ ኖታ ቤቱ ለማን ነው ሲለኝ "አይጥ ለምታሳድግ ዘመዴ" አልኩት።


ቅዳሜ፤ 27

አልነገርኳትም። ዝናብ ነበር፣ ልጅቷም ደክሟታል። ደግሞ ሰው ነበር።

አሳምራ ነፋቻት። የተሳሳተውን እንዲህ አሳምሮ የሚነፋ ሰው አይቼ አላውቅም።


ሐሙስ፤ 22

ልነግራት ቤታቸው ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት ከጎረቤቷ ጋር እያወራች ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

"ከገባች እኮ አራት ዓመት እዚያው ናት። በየቅዳሜው ከዚያ ድረስ አትመላለስም።"

"አጎቷስ ምን ሊሆን ነው?"

"ምን ይሆናል፣ ሱቁን ዘግቶ ከፍሉቶቹ ጋር ይቀልዳል። እሷ ስትመጣ ሰዓቱን አያይም፤ እሷ ካልመጣች ደግሞ አሥር ጊዜ ነው የሚያየው።"

አንኳኳሁ። ምን እግር ጣለህ ስትለኝ ጨው አልቆብኝ ነው አልኳት። ጨው ሰጠችኝ፤ ይዤ ተመለስኩ። ቤቴ ጨው ሞልቷል።

ዝም ያልኩት ለዚህ አለመሆኑን እዚህ ላይ መጻፍ እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ እንደሆነ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ።


ቅዳሜ፤ 20

ልብስ ሰፊው ሌሎቹ ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀረ። ፒኮሎውን በኪሱ ከተተና ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

"ልጥፎቹ ያንተ ናቸው።"

"አዎ።"

"ያኔ ለማን ብለህ ነው?"

"ለእሱ ብዬ።"

"አሁን ዝም የምትለውስ ለማን ብለህ ነው?"

ባስ ፍሉቷን መጥረግ ጀመርኩ። ደረቅ ነበረች። እሱም ደረቅ መሆኗን ያያል።

"እኔ ሱሪ አሳጥሬ ስሰፋ" አለ፣ "የቆረጥኩትን ለባለቤቱ እነግረዋለሁ።" ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።


ሰኞ፤ 18

ነገርኳት። የመጥረዣ መርፌ በእጄ ይዤ፣ ቀና ሳልል።

"አይጧ እኔ ነኝ።"

ቀልድ መሰላት። "እስቲ ጅራትህን አሳየኝ" አለችኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የአባቷን ደረት፣ እርማት እያልኩ ያመጣሁትን፣ ፈታኞቹ የሚይዙትን። የወረቀት መጫኛው ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

"ስንት ናቸው?"

"አስራ ዘጠኝ።"

"አሳየኝ።"

አንድ በአንድ አሳየኋት። በየአንዳንዱ ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ ሰባተኛው ላይ መነቅነቋን አቆመች። "ይሄን በጣም ነበር የምወደው" አለች። የእኔ ድርሰት ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለአፍታ ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን አልክድም፤ አፍራለሁ።

"አባቴ ሊነፋት አይችልም ነበር ማለት ነው?"

"በመጨረሻዎቹ ዓመታት።"

"እኔ እኮ እሱ እንዲህ ነበር የሚነፋት እያልኩ ነው አምስት ዓመት ሙሉ…" አልጨረሰችውም። "ፈተናው ላይ ችግር እንደሚያመጣ መቼ ነው ያወቅከው?"

"ወረቀቱን ይዘሽ የገባሽ ቀን።"

በጣቷ ቆጠረች። "ሃያ አንድ ቀን" አለች። ፍሉቷን ይዛ ወጣች። ኖታውን ጠረጴዛው ላይ ተወችው።


ረቡዕ፤ 16

አልመጣችም።


ቅዳሜ፤ 13

ሦስት ሆነን ነፋን። አንደኛው ድምፅ በሌለበት ሌሎቹ ሦስቱ የሚመልሱት ለማን እንደሆነ አይታወቅም። በአንደኛው ቦታ በአፌ ላፏጭ ሞከርኩ። ፋርማሲስቷ "ተወው ባክህ" አለችኝ፤ በደግነት ነው ያለችው።

ወንበሩን ማንም አላነሳውም።


እሑድ፤ 12

ጠዋት መጣች። ሰላምታ የለም። የእናቷን ማንቆርቆሪያ ይዛለች።

"ያንተ አፉ ሰፊ ነው፤ እንፋሎቱን ይበትናል" አለች። "በምን ነው የለጠፍካቸው?"

"በዱቄት ሙጫ።"

"በእንፋሎት ይለቃል ወይስ አይለቅም?"

ይለቃል። ወረቀቱን ከጀርባው ለእንፋሎት መያዝ፣ እስከ ሠላሳ መቁጠር፣ ከዚያ በስስ ቢላ ጠርዙን መቀስቀስ። መጎተት የለም፤ የተኛ ሰው ላይ ያለ ብርድ ልብስ እንደመግፈፍ ነው። አሳየኋት። ሁለተኛውን ራሷ አነሳችው።

የረሳሁት ነገር ነበር። ከልጥፎቹ ሥር የታተመው ኖታ ብቻ አይደለም ያለው፤ የወንድሜ እርሳስ አለ። ደህና ሳለ የጻፋቸው። አንዱ ላይ "እዚህ አትቸኩል" ይላል። አንዱ ላይ "ዘጠነኛው ቅዳሜ፤ ወጣ።" ሌላው ላይ ጆሮው የተንጠለጠለ ሰውዬ ሥዕልና "እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ወንድምህን እንዳታየው።" ፉጨት ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ጆሮዬን አየች። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ማንቆርቆሪያው ዞረች።

አራተኛው ልጥፍ ሥር አንድ ሙሉ መስመር የሚሞላ ሐረግ ወጣ፤ ከላዩ "በአንድ ትንፋሽ" ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ወረቀቱ ሳይደርቅ ፍሉቷን አንስታ ነፋችው። በአንድ ትንፋሽ። ፍሉቷን አውርዳ "በጣም ጎበዝ ነበር እንዴ?" አለችኝ። እንደዚያ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ከታመመው አባቷ በስተቀር ሌላ አባት ሰምታ አታውቅም።

"ጎበዝ ነበር" አልኳት።

አስራ ስድስቱ ደህና ተነሱ። አስራ ሰባተኛው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው፣ እንቢ አለ። እስከ መቶ ቆጠርን። ሲነሳ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ተነሳ፤ ከሥሩ የቀረው ነጭ ቃጫ ብቻ ነው። ከረጅሙ ሐረግ መሀል ሁለት ባር፣ በቋሚ መስመር የሚከፈሉ ሁለት የኖታ ክፍሎች፣ ጠፋ።

"ይሄስ?"

"ያን ሳምንት የዱቄት ሙጫዬ አልቆ ነበር። በኮላ ለጠፍኩት።"

"አርባ ዓመት የጠረዘ ሰው?"

"ቸኩዬ ነበር። ቅዳሜ ሊመጣ ነው።"

ሁለቱን የቀሩትን አነሳችና ማንቆርቆሪያዋን ሳትወስድ ሄደች።


ማክሰኞ፤ 10

እነዚያን ሁለት ባሮች የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ላፏጫቸው ስሞክር በእነሱ ቦታ የራሴ ልጥፍ ብቻ ይመጣብኛል። በገዛ እጄ የሠራሁት እውነተኛውን ከጭንቅላቴ አስወጥቶታል።

ፉጨት ሱቁን ዞር ዞር አለችበት። "አንተ ከኋላ ሆነህ ቁልፉን ትጫን ነበር ያልከኝ እውነት ነው?"

"እሱ እንኳ እውነት ነው።"

"ና እንግዲህ።"

ከፊቴ ቆመች። እጄን በብብቷ አሳልፌ ቁልፎቹን ያዝኩ። እሷ ከፍ ብላለች፤ ትከሻዋ አገጬ ላይ ደረሰ። የመጀመሪያው ሙከራ የፍየል ጩኸት ሆነ፤ እንደተኳረፍን ሳቅን። ሁለተኛው ላይ መሀል ላይ ቆምኩ። ሦስተኛውን ከገጹ አናት ጀመረች፤ እኔም ስለ አባቷ እርጥብ ካፖርት ማሰብ ጀመርኩ፣ ዝናብ ሲመታው ስለሚሸተው ሽታ። ጣቶቼ አለፉት። ሁለቱም ባር አለፈ፤ የላይኛው ድምፅ ላይ ትንሿ ጣቴ ተነስታ ነበር፤ ያን እኔ አላዘዝኳትም።

ወዲያው ጻፈችው።


ሐሙስ፤ 8

ፊቴን ስታጠብ ሌላ ዓይነት መጣብኝ። ከአንዱ ድምፅ በቀር ያው ነው፤ ያ አንዱ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ሃያ አንድ ቀን አልጠበቅኩም። ሳሙናው ጆሮዬ ላይ እንዳለ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳት።

ሁለቱንም ነፋቻቸው። "የቱ ነው?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም ስትል ሰምቼህ አላውቅም" አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ሰረዘችው። "የመጀመሪያውን ስታወጣ አላሰብክም። የምትዋሸው ስታስብ ነው።"

እናቷ ፎጣ አቀበለችኝ።


ሰኞ፤ 4

ዛሬ ሦስተኛውን ገጽ አርባ ጊዜ። አንድ ደንበኛ "ይቺ ልጅ ሌላ ዘፈን የላትም?" አለኝ። የእሱን መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ነው የምጠርዘው።

ድምፁ ወደ ታች ከሆነስ? ከሆነ በእኔ ወደቀች።


ሐሙስ፤ 1

ሸሚዜ ተተኮሰ። የወንድሜ ሚስት ናት የተኮሰችው። "ወንድምዬ፣ ነገ ኮሪደር ላይ ሰው እንዳታስቅ" አለችኝ። ቃል ገባሁ። የጠዋቱን አውቶቡስ ነው የምንሳፈረው።


ሰኞ፤ ፈተናው ካለፈ ሦስተኛ ቀን

ዝርዝሩ ተለጥፏል። ከገቡት አምስት ሰዎች ፉጨት ሦስተኛ ናት። ሁለቱ የቀደሙሽ ዘመድ ይኖራቸዋል አልኳት። "እኔም አለኝ፤ ለዚህ እኮ ነው ሦስተኛ የወጣሁት" አለችኝ። በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች፤ እናቷ ሻንጣ እየጠየቀች ነው።

ስለ ሁለቱ ባሮችም ነገረችኝ። መሀል የተቀመጠው ፈታኝ የታተመውን በእርሳስ ጫፍ እየተከተለ ነበር። እሷ ስትሳሳት እርሳሱ ቆም ይላል፤ ሦስት ጊዜ ቆሟል። እዚያ ቦታ ላይ ግን አልቆመም።

ልጽፍ የፈለግኩት ግን ስለ ኮሪደሩ ነው። ሳልጽፈው ሦስት ቀን አለፈ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ከተፈታኝ ወላጆች ጋር ተደርድሬ ተቀምጫለሁ። ማንንም አላሳቅኩም። በሩ ወፍራም ነው፤ ድምፁ ግን በሥሩ ይወጣል። ረጅሟን፣ እውነተኛዋን፣ ሙሉዋን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አለፈ፤ ያ የጆሮዬ ሥዕል ያለበት ቦታ አለፈ፤ ወለሉን እያየሁ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ረጅሙ ሐረግ ሊጀምር ሲል ፉጨት አየር ስትስብ በበሩ ሥር ሰማኋት። እኔም አብሬያት ሳብኩ። ሳላስበው ነው። እሷ ሐረጉን ነፋች፣ እኔም አፌን ገጥሜ ትንፋሼን ይዤ አብሬያት ሄድኩ። ወደ ሁለቱ ባሮች ሳንደርስ ደረቴ ይቃጠል ጀመር። ያዝኩት። ትንሽ ያዝኩት። ከዚያ ለቀቅኩት፤ እየለቀቅኩ አሳለኝ፤ በመሐረቤ አፈንኩት።

አጠገቤ የተቀመጠች የአንዱ ተፈታኝ እናት ክንዴን ያዘችኝ። "አባት፣ አመመዎት እንዴ?"

መመለሻ ትንፋሽ አልነበረኝም። በጣቴ ወደ በሩ አሳየኋት። እዚያ ውስጥ ፉጨት ገና አልተነፈሰችም ነበር።